የእርሳስ ዱቄት

ቤታችን ሳሙና በር ነው፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፤
አባቴ፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ከጓዳ ሲገባ
በሩን አይዘጋውም፤
የሚሠራውን ከሰው አይደብቅም፣ ለሰውም አያወጋውም።

የወተት ዱቄት ጣሳ፣ ነጠላ ካልሲ፣ ምላጭ፣
ከእኔ ቦርሳ የወሰደው ቢጫ እርሳስ፣ ገና ያልተላጨ።
«ምላጩ የጢም ነው» አለኝ፣ «የጠመንጃው አይደለም።»
ቀልድ መሆኑ የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው፤ ያን ቀን አልሳቅሁም።

እንጨቱን ሰነጠቀው፣ እንደ አገዳ ልጦ፣
ጥቁሩን አንጀት አወጣው፣ ከላይ እስከ ታች ፈልጦ፤
ጠርሙስ እያንከባለለ አላመው፣ በሻሽ ነፋው፣ አጠለለው፤
እንደ ኩል ሲሆን እናቴ አይታ
«ደግሞ ለማን ልትኳል ነው?» አለችው።

አረሮቹን በሳሙና አጥቦ፣ ጸሐይ ላይ አድርቆ፣
ጣቱ እንዳይነካቸው በጨርቅ እያነሳ፣ ጥቂት አሙቆ፣
ከዱቄቱ ጋር ከተታቸው። ሃያ ሰባት ነበሩ፤ የቆጠርሁ እኔ ነኝ፤
አንዷ ብትወድቅ እንዳቀብለው ነው ከእግሩ ሥር ያስቀመጠኝ።

ከዚያ ይንጣል። ጣሳውን ካልሲ ውስጥ አጥልቆ፣
ማኅሌት የቆመ ይመስል፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ርቆ።
ሽክ፣ ሽክ፣ ሽክ…
«ጸናጽል ጀመርህ እንዴ?» ይሉታል እትዬ አስካል በአጥር፤
«ጀመርሁ፤ ዜማው ነው የከበደኝ» ብሎ ይመለሳል ወደ መቁጠር።

«ዘይት ለምን አትቀባቸውም?» አልሁት።
«ዘይት አቧራ ይጠራል፤ ደረቁ ግን ጨዋ ነው፣
ተሸፍኖ ገብቶ ተሸፍኖ ይወጣል፣ አፈሙዙን ሳያቆስለው።»
ለአፈሙዝ ሲያዝን ሰማሁት።
ከአፈሙዙ ወዲያ ስላለው
አልጠየቅሁም። ዐሥራ አንድ ዓመቴ ነው።

ቅኔ ቤት ገብቶ ሳይጨርስ የወጣ ሰው ነው አባቴ፤
ማልበስ ይወዳል፣ አንዱን በሌላው።
እኛ ቤት ግን ወርቅ የለም፤
ላዩም እርሳስ፣ ውስጡም እርሳስ።

ሰኞ የሒሳብ ፈተና። ቦርሳዬን ዳበስሁ፤
ሁለት ስንጣቂ እንጨት፣ መኻሉ ቦይ የሆነ፣
ከነላጲሱ።
የሚያጠፋውን ትቶልኝ የሚጽፈውን ወስዷል።

ኪሴ ውስጥ ግን አንዷ ነበረች፤
ቅዳሜ ጣሳውን ሲገለብጥ የዘለለች።
አላቀበልሁትም።

ጫፏን ወረቀቱ ላይ አሳረፍኋት። ጻፈች።
ግራጫ፣ ቀጭን፣ ያለ አንዳች ድምፅ፦
ስም፣ ደጊቱ አጣናው። ክፍል፣ አምስት።
ከዚያ ክፍልፋይ፣ ከዚያ ማባዛት፤
ሰባት ጊዜ ስምንት ላይ ሸርተት አለች፣
ሃምሳ ስድስት። ልክ ነው።

መምህር ጌጡ አጠገቤ ቆሙ።
ሌሎቹ ልጆች ጨርሰው እስኪወጡ ቆሙ።
ወረቀቱን ወሰዱ። እሷንም በመሐረብ ጠቅልለው ወሰዱ።
ዘጠኝ ከዐሥር ሰጡኝ፤
አንዷን በምን እንደቀነሱብኝ እስከ ዛሬ አላውቅም።

አባቴ ተጠርቶ መጣ፣ የልቅሶ ኮቱን ለብሶ።
ወረቀቱን ዘረጉለት፤ ቀስ ብሎ አነበበ፣
ስሜን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው፤ ደበዘዘ፤
ሊያጠራው ምራቁን ነካ አድርጎ ቢያሸው ባሰበት፤
የእኔም የእሱም ስም አንድ ጥላሸት ሆነ።
«ደረቅ ነው» አለ፣ ለማንም ሳይሆን፣
«እንኳን በምራቅ…»
ቀሪውን ዋጠው።

ማክሰኞ ቦርሳዬ ውስጥ ሦስት አዲስ እርሳስ ነበር፣ በክር የታሰረ።
ከክሩ ላይ የጣቱ አሻራ።

ቅዳሜ ደግሞ ከጓዳ፣
አንድ ቅብ አይበቃም መሰለኝ፣
ሽክ፣ ሽክ…
ሃያ ስድስት ናቸው። ሳላይ ነው ያወቅሁት፤
አንዷ ስትጎድል ዜማው ትንሽ ይቀልላል።