ናሙና ሰባት

ስድስቱ ተሰብረዋል፤ ወገባቸው ላይ ገና
በጠመኔ የጻፍኩት ቁጥር አለ፦ «ናሙና…»
አንደኛው በሩብ ጭነት፣ ሌላው በግማሹ ሸክም፤
አራተኛው ግን ጭራሽ መጫን እንኳ አልጠበቀም።

ምድር ቤት ነው ያለነው፣ አምስት ኪሎ፣ ከደረጃው ስር፤
በመስኮቱ የሚታየን የአላፊ አግዳሚው እግር።
ማዶ፣ በባሕር ዛፍ መወጣጫ የታሰረ ፎቅ
ብረቱን ወደ ሰማይ አሹሎ ይጠብቃል፣ ዓመት ሲጠብቅ፣
የፌሮ ዋጋ እስኪወርድ።

እኔ የያዝኩት ቃጫ ነው።
ከእንሰት የተፋቀ፣ ከመርካቶ በኪሎ የተገዛ፣
ገመድ ሊሆን የነበረ። እኔ ግን እንደ ዋዛ
በጉሎ ዘይት ሙጫ ለውሼ፣ በቆርቆሮ ቅርጽ አፍኜ
ቤት ትሸከማለህ አልኩት፣ በወረቀት ስሌት ተማምኜ።

ድር ቢያብር ይላሉ። ድሩማ አብሮ ነበር፤
ስንጥቁን በአጉሊ መነጽር ከፍቼ ስመረምር
ቃጫው ንጹሕ ወጥቷል፣ እንደ ሰይፍ ከአፎት፤
ከሙጫው ጋር አንድ ክፍል ኖረዋል፣ በደባልነት።

ጋሽ ወንድይፍራው፣ የማሽኑ ሰው፣ ሠላሳ አንድ ዓመት
ብረት ሲሰብር የኖረ፣
ስድስቱም ሲሰበሩ ቁጥር ብቻ እየጻፈ ዝም ብሎ የነበረ፣
ሐሙስ ጠዋት በፌስታል የጭቃ ጓል ይዞ መጣ።
«ከቤቴ ነው» አለኝ። «ዶሮ ማነቂያ። ግድግዳው ሲፈርስ የወጣ።»

ጠረጴዛዬ ላይ ሰበረው።
ከመሃሉ የጤፍ ጭድ፣ ትናንት እንደታጨደ ቢጫ፤
ሊነቅለው ቢጎትት እንቢ አለው። ይዞታል ጭቃው፣ ያለ ሙጫ።
«አባቴ ነው የረገጠው። ጭዱ እንደገባ አይለጠፍም፤
ይብላላል። ይሸታል። ሰፈር ይሳደባል። አይጣደፍም።
አንቺ ግን ቃጫውን ከነቅባቱ፣ ከነኩራቱ
ከሙጫ ከተትሽው» አለና ወጣ፤ የሻይ ሰዓቱ
ደርሶ ነበር።

ከዳቦ ቤቱ አመድ ለምኜ ዘፈዘፍኩ፣ ሦስት ሌሊት።
(መጻሕፍቱ ሌላ ስም አላቸው፣ በውጭ ምንዛሪ የሚመጣ ዱቄት።)
ቃጫው ቅባቱን ጣለ፣ እንደ ድመት ምላስ ሻከረ፤
ሙጫው ሲፈስበት ጠጣው። ደባልነቱ ቀረ።

ሰባተኛው።
ዛሬ፣ አሥር ሰዓት ከሩብ፣ ጋሽ ወንድይፍራው ዘይቱን ከፈተ፤
መርፌው ከስድስቱም መሰበሪያ በላይ ወጣ፤ እጄ ወረቀቱን ሳተ።
ተሸካሚው ጎበጠ፣ እንደ ሰው፣ ኩንታል እንዳዘለ፤
አልተሰበረም።
መብራት ሄደ።
ጋሽ ወንድይፍራው ቫልቩን በዳሰሳ ቆልፎ «እንዳትነኪ!» አለ።

ሸክሙ እንዳለ ነው። ጨለማው ውስጥ ሦስታችን፤
ጀነሬተሩ ለሬጅስትራር ነው፤ ለእኛ የቀረን ጆሯችን።
ላይ ጫማ ያልፋል። ወያላው «ስድስት ኪሎ! ስድስት ኪሎ!» ይጣራል።
ጠቅ።
ቀጭን ድምፅ፤ አንዲት ክር።
ከዚያ ጸጥ ይላል።

«አንድ» አለ ጋሽ ወንድይፍራው፣ በጨለማ እየቆጠረ።

ሁለትን እየጠበቅን ነው።