ዓይን አዋጅ

በጉሚ ከተማ፣ ከባቡር ጣቢያው ማዶ፣ የሱቃችን ግድግዳ
አርባ ሦስት ስክሪን ተሸክሞ ያድራል፣ አርባ ሦስት እንግዳ፤
በሁሉም ውስጥ አንድ ዓሣ ይዋኛል፣ አንድ ሰማያዊ፣
ምግብ የማይቀምስ፣ እንቅልፍ የማያውቅ፣ እንደ ገዳማዊ።

እኔ ሻጭ ነኝ፤ የአራቱን ስርዓተ ክወና ጠባይ
እንደ አራት አማቶች አውቀዋለሁ፣ ሳገለግል፣ ስችል፣ ሳይ።
የመጀመሪያው ፈጣን ነው፤ ገና ጣትህ ሳይነሳ ይከፍታል፣
ግን ደጃፉ ላይ ማስታወቂያ ሰቅሎ «ሩዝ ማብሰያ ግዛ» ይላል።
ሁለተኛው ሪሞቱን እንደ ከዘራ ወዝውዘህ የምትመራው፣
ልጆች የሚወዱት፣ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው የሚፈራው።
ሦስተኛው ከባሕር ማዶ የመጣ፣ መተግበሪያው እንደ ገበያ የበዛ፣
ኢሜልህን፣ የልደት ቀንህን ካላስረከብከው በቀር የማይገዛ።
አራተኛው ረጋ ያለ፤ ጥቂት ሳጥን፣ ጥቂት ነገር፣
ከሦስት ዓመት በኋላ ዝማኔ የሌለው፣ እንደ ጡረተኛ ወታደር።

ማክሰኞ ረፋዱ ላይ አቶ ማንሶብ ገቡ፣ ጃንጥላቸው እየተንጠባጠበ።
ሠላሳ አንድ ዓመት በወንዙ ዳር ፋብሪካ፣ ከሚሊዮን ነጥብ መሀል
የሞተችውን አንዲት ነጥብ ዓይናቸው እየለቀመ፣ እያነበበ
ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው።
«ይህ ጥቁሩ ጥልቅ ነው» ብዬ ጀመርኩ፣ «የዚህ ደግሞ ብርሃኑ ያይላል።»
«ቀለሙን ተይው ልጄ፣ ቀለም አውቃለሁ። አፉ እንዴት ይናገራል?»

ስለ ድምፅ ማጉያው መስሎኝ ስለ ዋት ማውራት ስጀምር አቋረጡኝ፦
«የለም። ስትጫኚው የት እንዳለሽ የሚነግረውን፣ አንባቢውን አሰሚኝ።
ስርዓተ ክወና ትያለሽ፤ ስርዓት ያለው የቱ ነው?»

ከዚያ ዓይናቸውን ጨፈኑ።
አርባ ሦስት ስክሪን ፊት ለፊት ቆመው፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ማልሱን» አሉ፣ «ባለቤቴ፤ ካቻምና መሀሉ ጠፋባት፣
የማየቷ ዳር ዳሩ ቀርቶ ፊት ለፊቷ ጨለመባት።
ጆሮዬን ታያለች፣ ፊቴን ግን አታይም።
ማታ ድራማዋን ካላገኘች ደግሞ እራት አትነካም።»

የመጀመሪያውን ከፈትኩ። እንደ ባቡር አስተናጋጅ ተቻኩሎ፣
ቃሉን ከቃል አጣብቆ አነበበው፣ ጠቅልሎ።
«ማስታወቂያውንም ያነብላታል?» ብለው ጠየቁ።
ያነባል። ራሳቸውን ነቀነቁ።
የሁለተኛው ድምፅ ማር ነበር፤ ግን ያለ ቀስቱ አይሄድ፣
«ቀስት የማታይ ሴት በቀስት ወዴት ልውሰድ?»
ሦስተኛው «ተስማሙ» አለን፤ ረጅም ውል፣ ገጽ በገጽ፣
ውሉ ላይ ዲዳ ነው፤ ከፈረሙለት ወዲያ ነው አንደበቱ የሚገለጽ።

አራተኛው ቀስ ይላል። ቃል ያወጣል፣ ይተነፍሳል፣ ቆም ይላል፤
«ቻናል... ዘጠኝ። ድምፅ... አሥራ አራት።»
የአቶ ማንሶብ ከንፈር አብሮ ይንቀሳቀሳል።

አለቃዬ እንዳይሰማ ዝቅ ብዬ «ከሦስት ዓመት ወዲያ አይታደስም»
ብላቸው ሳቁ፦ «እኔም ከሰባ ዘጠኝ ወዲህ ዝማኔ አልደረሰኝም።»

እዚህ የሚመጣ ሁሉ ዓይኑ አዋጅ ሆኖበት ሲዞር ይውላል፣
እኚህ ሰው ዓይናቸውን ከደኑና አዋጁ ተሻረ፤ ይኸው ነው፣ አልቋል።

አላለቀም። ሊከፍሉ ሲሉ በልማድ ወደ ስክሪኑ ተጠጉ፣
አፍንጫቸው መስታወቱን ሊነካ ምንም አልቀረው። ጣታቸውን አስጠጉ።
«አየሻት? የሞተች ነጥብ። መሀል ላይ።»
አላየኋትም። ሌላ ካርቶን ላምጣ አልኩ።
«ተይ» አሉ፣ «ማልሱን መሀሉን አታይም። ይቺ ለእኔ ትሁን።
ሃያ ሺህ ዎን ግን ቀንሺ።»

ቀነስኩ።

ማታ መብራቱን ከማጥፋቴ በፊት እኔም ግድግዳው ፊት ቆሜ ጨፈንኩ።
አርባ ሦስት ዓሣ። አንዱም ድምፅ አልነበረውም።