ሦስት ቁልፍ

አልማዝ ባለጭራ ጎኔ ላይ አርፋ፣
ሦስት ሳምንት ነድዳ፣ ቆዳዬን ገፍፋ፣
ቅርፊቷ ሲረግፍ፣ ቁስሉ ሲድንልኝ፣
እሷ ሄደች እንጂ ጭራዋ ቀረብኝ።

«ነርቭ ነው» አሉኝ።
ኪኒኑ እኔን እንጂ እሱን አላስተኛ፣
ሌሊቱን በሙሉ ጎኔ ላይ ዘበኛ።

ሠላሳ ሁለት ዓመት፣ ኮምቦልቻ ፋብሪካ፣
አቡጀዲ ስሸምን፣ በሜትር ስለካ፣
አንዱን ለአንሶላው፣ አንዱን ለከፈኑ፣
ስንት ሰው አለበስኩ በየዘመኑ!
ዛሬ ያው አቡጀዲ ጎኔን ሲዳብሰው
በርበሬ ይሆናል፣ እሳት የላሰው።

ደሴ ወጣሁ።
ጦሳ ጉሙን ተከናንቦ፣
ሰው ሁሉ ካፖርቱን እስካንገቱ ቆልፎ፣
እኔ ሸሚዜን በግራ ትከሻዬ አንጠልጥዬ፣ ግማሽ ራቁት።
ያየኝ ሁሉ እብድ መሰልኩት።

ረምላ ትባላለች፣ ፊዚዮቴራፒስቷ፤
ከልጄ ታንሳለች፤ ቀዝቃዛ ነው ጣቷ።
«አይፍሩ፣ ጋሼ ሙሄ፤ መርፌም የለ፣ ምላጭ።»
የሲጋራ ፓኮ የምታክል ሣጥን፣
ሁለት ቀጭን ሽቦ፣ አራት ተለጣፊ።
ከሚነደው ሥፍራ ትንሽ ራቅ አድርጋ
አራቱን ለጠፈች፣ ቆዳዬን ጠራርጋ።

ቁጥሩን አዞረችው።
መጀመሪያ ምንም።
ኋላ ውርር... ውርር... ጉንዳን መሰለኝ።
ጉንዳን አይደለም፤ አወቅሁት!
ፈረቃ ልገባ ደጅ ስቆም
በጫማዬ ሶል የሚመጣው
የመሸመኛው ንዝረት ነው።

«ጀርባዎ ውስጥ በር አለ» አለች ረምላ፣
«ንዝረቱ ቀድሞ ገብቶ በሩን ከሞላ
ሕመሙ ተገፍቶ ይቆማል ከኋላ።»

ሳቅሁ። ያንን በር አውቀዋለሁ እኮ፦
አስር ሰዓት ሲሆን፣ ፈረቃ ሲለወጥ፣
አንዱ ሲጋፋ፣ አንዱ ሲያመልጥ፣
ዘበኛው ኑርዬ ማንን ይፈትሽ?

መብራት ጠፋ። ኮሪደሩ ላይ አንድ ሰው ተራገመ።
ሣጥኗ በባትሪዋ ንዝረቷን ቀጠለች።
«ይድናል?» አልኳት በጨለማው።
«አላውቅም» አለች።
«ላንዳንዱ ይሠራል፣ ላንዳንዱ ይለግማል።»
ስላልዋሸችኝ ወደድኳት።

ግማሽ ሰዓት።
«አሁን ሸሚዙን ይሞክሩ።»
አንድ ቁልፍ። ሁለት።
ሦስተኛው ጎኔ ላይ ነው፤ ትንፋሼን ያዝኩ።
ጨርቅ ነበር።
ጨርቅ ብቻ።

በሚኒባሱ ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ!» ሲል
የማላውቀው ሰው ክርን ጎኔን ደገፈኝ፤
ዝም አልኩ፣ እንደ ሰው።
ሐረጎ ቁልቁለት፣ ሁለተኛው ጠመዝማዛ ላይ
ጭራዋ ተወዛወዘች።
ማክሰኞ ቀጠሮ አለኝ።
ቁልፌን ግን አልፈታሁም፣
ቦርከና ድልድይ ድረስ።