አንድ ለሃያ

ዘቢባ አግብታ ስትወጣ፣ ክፍሏ ባዶውን ሲቀር፣
«ድንች እናስገባበት» አለች ዘምዘም፣ «ሽንኩርትም ይደር።»
እኔ ግን ሜትሬን ይዤ ገባሁ፤ ግድግዳውን ለካሁ፤
ሦስት በሁለት ተኩል። በቃኝ ብዬ በሩን ዘጋሁ።

ሃያ ዓመት ከደሴ አሰብ የነዳኋት ኤንትሬ
ተፈታታ፣ በኪሎ ተሸጣ፣ ምስማር ሆናለች ዛሬ፤
ደግሜ ልሠራት ነው፣ አንድ ለሃያ አሳንሼ፣
ወርዷን በክንዴ ለክቼ፣ የቀረውን አስታውሼ።

መጀመሪያ ብርሃን። ዓይኔ ደክሟልና
የምሥራቁን ጭቃ ግድግዳ በዲጅኖ ወጋሁና
ከሰው የተረፈ መስታወት ገጠምኩበት፤
ጦሳን ለጀርባዬ ትቼ፣ የአዝዋ ፀሐይ ገባበት።

ጠረጴዛው የራሷ ስፖንዳ ነው፣ ከቆራጮቹ ያተረፍኩት፣
የአሰብ ጨዉን ሰባት ጊዜ አጥቤ፣ ስምንተኛውን የተውኩት።
ወለሉ ግን — ሆጤ አይደል፣ ቤቱ ቁልቁለት ላይ ያለ —
እርሳስ ባስቀመጥኩ ቁጥር ይሮጣል፣ «ኮምቦልቻ! ኮምቦልቻ!» እያለ።

ለምላጩ ቡሽ፣ ለምስማሩ የወተት ጣሳ፣
የዘምዘም ቅንድብ መንቀያ (ሳትሰጠኝ፣ እሷም ሳትረሳ)፣
ማስቲሹ በሐኪም መርፌ፣ ጥርስ ብሩሽ ለአቧራ፣
በጠርሙስ የተዳመጠ የሰርዲን ቆርቆሮ፣ ቅጠል በቅጠል፣ ተራ በተራ።
ሁሉም ቦታውን ያዘ፤ ጋቢና የለመደ ሰው
የሚፈልገው ዕቃ ላይ እጁ ነው ቀድሞ የሚደርሰው።

ጎማዋ በረባሶ ነበር፤ በረባሶው ድሮ ጎማ፤
ወደ ቤቱ ነው የመለስኩት፤ ማንም እንዳያማ።
የፊት መስታወቷ የራጅ ፊልም፣ በበረኪና የነጣ፤
የዘምዘም ጎድን ነበረበት፤ ሳፋው ውስጥ ለቆ ወጣ።

ብርቱካንማ ቀባኋት። ሐምሌ ነው። ጭጋጉ በመስኮቴ ገብቶ ተኛ፤
ዘጠኝ ቀን ሙሉ አልደርቅ አለች፣ የጣት አሻራ ቀማኛ።
በካርቶን አቅፌ ተሳፈርኩ፣ ፀሐይ ፍለጋ ወደ ቆላ፣
ሚኒባስ ውስጥ፣ እኔ ሾፌሩ፣ ከሾፌሩ ወንበር ኋላ።

ሐረጎ ስንደርስ እግሬ ፍሬን ረገጠ፣ ፍሬን በሌለበት።
ከጎኔ ያለች ልጅ «አባባ፣ አመመዎት?» አለችኝ በድንገት።
«ኧረ የለም» አልኳት፣ «ማርሽ እየቀየርኩ ነው እንጅ።»
ፈገግ አለች። መስኮቱን ከፈተችልኝ፣ ደግ ልጅ።

አልጋዝ ኮምቦልቻ ጎሚስታ ነው።
አሥራ አንድ ዓመት ረዳቴ ነበር።
ካርቶኑን ስከፍት እጁን በሱሪው ጠረገ፤
አጎነበሰ፤ ከሥሯ አያት፤ አንድ ነገር ፈለገ።
«ጥሩምባዋ ልክ ነው። የኔ ወንበር ሳንቃ፤ እሱም ልክ።
ታኮዬስ?» አለ።

ዝናብ ነበር፣ ሌሊት። ሐረጎ ላይ የፍሬኗ ንፋስ አልቆ
ወደ ገደሉ ስትመለስ፣ ዘሎ ወርዶ፣ ጭቃ ዘልቆ
ታኮውን የወተፈ አልጋዝ ነው። ሁለት ጣቱ እዚያው ቀረ።
ያን ሌሊት በየምግብ ቤቱ ስተርክ፣ ስንት ዓመት ሙሉ፣
ሁሌም መኪናዋን ያቆምኳት እኔ ነበርኩ።

በቀሩት ጣቶቹ ከአሮጌ ጎማ ቆረጠ፣ በምላጭ አሾለ፤
«አንድ ለሃያ ስንት ይሆናል?»
«ባቄላ ታህል» አልኩት። ባቄላ አሳከለ።
ቀለሟ እስከ ቀትር ደረቀ።

መደርደሪያው ዛሬም ዘመም ነው፤ አላቃናሁትም።
ዘምዘም ሽንኩርቷን ታቅፋ መጣች፤ ጥጉን ለቅቄላታለሁ።
«ይቺ ከኋላ ጎማዋ ሥር ያለች ጥቁር ነገር ምንድን ናት?»
«ቁጭ በይ» አልኳት። «የሐረጎን ሌሊት ልንገርሽ።»
«ስንቴ ሰምቼው!»
«አልሰማሽውም።»