ዜሮ ነጥብ አራት

ሰማዩ ጥርት ብሎ፥ ኮከብ ተዘርቶበት፥
ደመና የሚሉት ለመድኃኒት ጠፍቶበት፥
ያሰጣሁት አንሶላ ሽቦው ላይ ደርቆ እያደረ፥
የጓሮው ማሽን ብቻውን «ዘንቧል» ብሎ መሰከረ።

ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት፥ እምብዛም ሳያዛንፍ፥
«ዜሮ ነጥብ አራት ሚሊሜትር» ብሎ መዝገቡ ላይ ሲጽፍ፥
አንድ ቀን አይደለም፥ ሁለት ቀን አይደለም፤
አሥራ አንድ ሌሊት። እንዲህ ያለ ዝናብ የለም።

ሳኦ ዦርዤ ደሴት ነን፥ ከገደሉ አፋፍ ላይ፤
ከሥራችን አትላንቲክ፥ ከላያችን ጉም ያዘለ ሰማይ።
ዝናብ ለእኛ ብርቅ አይደለም፤ ጎረቤታችን ነው፥
ሳያንኳኳ ገብቶ፥ ሳይሰናበት የሚወጣ ሰው።
የማናውቀው ሳያረጥብ የሚዘንበውን ነው።

«ጣይው» አለኝ ባሌ ዱዋርቴ፥ ራሱን ሳያነሣ ከተኛበት።
እኔ የአይብ ማኅበሩ መዛኝ ነኝ፥ ሃያ ሁለት ዓመት፤
የሚዋሽ ሚዛን እያዩ ዝም ማለት አላውቅበት።

መሰላል አቆምኩ። ክዳኑን ፈታሁ።
ሁለት ማንኪያ የሚያህሉ ጽዋዎች፥ አንዱ ቁልቁል አንዱ ሽቅብ፥
የሞላው ሲደፋ «ቀጭ»፤ ያቺ «ቀጭ» ናት የእሱ ዝናብ።
አንዷ «ቀጭ» ዜሮ ነጥብ ሁለት። ሌላ ቋንቋ የለው፥
ምንም ነገር ቢነካው የሚያውቀው ያንኑ ቃል ነው።

ሸረሪት አድርታበት ነበር፤ ጠረግሁት። ድር ቢያብር
አንበሳ ያስር እንደሆን እንጂ፥ ዝናብ ከየት ሊፈጥር!
የባትሪ ድንጋዩን ቀየርኩ፤ ሽቦውን ተከትዬ ፈተሽኩ፤
ምሰሶው አዘንብሎ ይሆናል የሚዘንበው ብዬ፥ በውኃ ልክ አስተካከልኩ፤
ጤዛም ይሆናል አልኩና አፉን በላስቲክ ሸብቤ አሰርኩ፤
በማግሥቱ አፉ ታስሮ ዘነበ። እጄን አፌ ላይ ጫንኩ።

ሻጩ ከሊዝበን በስልክ፥ «ንዝረት ነው» አለኝ፥ «እመቤቴ፥
ባቡር ያልፋል እንዴ በቤትዎ አጠገብ?» ባቡር! በዚች በደሴቴ!
እዚህ የሚያልፈው ላምና ነፋስ ነው፤ ምድርም አልፎ አልፎ ብትነቃነቅ፥
መነኩሴ አይደለች፥ ተነሥታ ዘጠኝ ሰዓትን የምትጠብቅ።

አሥራ ሁለተኛው ሌሊት መብራት አጥፍቼ መስኮት ሥር ተቀመጥኩ፤
ብርድ ልብስ ተከናንቤ፥ እንደ ዶሮ ጠባቂ ደፈጥኩ፤
ለሁለት ማንኪያ ላስቲክ እንቅልፌን ሸጬ፥ ራሴን ታዘብኩ።

የጓሮው በር ሲጥጥ አለ። የዱዋርቴ አባት፥ ቬንሴስላው፥
ቦት ጫማው ከእጁ ተንጠልጥሎ፥ የሌሊት ልብሱን እንደለበሰው፥
ወደ ምሰሶው መጣ፤ በግራ እጁ ጨብጦ ተደገፈው።
ቀኝ እግሩን ከቦቱ ከተተ፤ ምሰሶው ተነቃነቀ፦ ቀጭ።
ትንፋሹን ሰበሰበ፤ ግራውን ሳበ፦ ቀጭ።

ከዚያ ወደ ጋጣው። በሩን ከፈተ። ቆመ።
አሥራ አራቱን ላሞች መስከረም ላይ ሸጠናል፥ መርከብ ጭኗቸው ሄዷል፤
ስድሳ ዓመት በዘጠኝ ሰዓት ያለበ እጅ ግን መች ሰምቷል?
ስማቸውን አልጠራም። ባዶውን ባልዲ ደፋው፤
ጥቂት አየውና መልሶ አቀናው።

ጠዋት ዱዋርቴ «ተገኘ ወይ?» ሲለኝ፥ «ብሎን ላልቶ ነው» አልኩ፤
ከዚያ ወዲህ ከየዕለቱ መዝገብ በእርሳስ ዜሮ ነጥብ አራት ቀነስኩ።
ስልኬ ትራሴ ሥር ሁለቴ ስትል ተገላብጬ እተኛለሁ፤
ቀኝ ቦት፥ ግራ ቦት፤ ሽማግሌው ደህና ነው እላለሁ።

ሐሙስ ሌሊት ግን ዜሮ ነጥብ ሁለት ብቻ ይላል።
ሁለተኛዋን ጠበቅሁ። ልብ ሲጠብቅ ደቂቃ ይረዝማል።
በባዶ እግሬ ሮጬ ወጣሁ፦

ደረጃው ላይ ተቀምጧል፥ አንድ እግሩ በቦት፥ አንዱ በካልሲ፤
የግራው ሶል ተገንጥሎበት ጫማ ሰፊውን ይረግማል።
«ምን ሆነሽ ነው በዚህ ሌሊት?»
«ዝናብ የመጣ መስሎኝ… አንሶላ ላነሣ።»

ቀና ብሎ ሰማዩን ከዳር እስከ ዳር ቃኘው።
«ግራሲንዳ፥» አለ፥ «ያ ማሽንሽ ይዋሻል። ጣይው።»