አራት ዓይን

ሊፓሪን የሚዞር አስፋልቱ አንድ ነው፤
ሄዶ ሄዶ ሰው የተነሣበትን ደጅ ነው የሚያገኘው።
እኔ በዚህ መንገድ አውቶብስ ነጂ ነኝ፤
ሃያ ሁለት ዓመት ኩርባው ሲያንገላታኝ፣
ባሕሩ በግራ፣ ተራራው በቀኝ፣
ስመለስ ደግሞ ተገላብጦ ሲጠብቀኝ።
ከሰባቱ ደሴት ስድስቱን በመስኮት
ሳያቸው እውላለሁ፣ ሰማዩ ጠርቶ በዋለ ዕለት፤
ረግጬ የማውቃቸው ግን ሦስት ናቸው፣
የቀሩትን ለጡረታዬ ላቆያቸው።

ሐሙስ ሐሙስ ጧት፣
እንግዳ ሳይነቃ፣ ዳቦ ሳይወጣ ከምድጃ፣ ገና በጭለማው ጭላት፣
ሁለት ሽማግሌዎች ይወጣሉ በሁለት ብስክሌት።
ኦኖፍሪዮ ከካኔቶ፣ ከታች ከባሕሩ በር፣
ፕላቺዶ ከኳትሮፓኒ፣ ከላይ ከደመናው ሥር፤
አንዱ ሽቅብ ሲገፋ፣ አንዱ ሲወርድ ቁልቁል፣
የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ለባዳ ግን አይመስል።

ነገሩ የውሃ ነው። በእናታቸው ጓሮ
ዝናብ የሚጠራቀምበት ጉድጓድ አለ፣ ከድንጋይ ተቆፍሮ፤
ከቀብሯ ማግሥት ታላቅየው ክዳኑን በቁልፍ ዘጋ፣
ታናሹም በላዩ ሌላ ቁልፍ አንጠለጠለ፣ ገና ሳይነጋ።
ይኸው አሥራ አንድ ዓመት፣
ጉድጓዱ ሞልቶ ይፈስሳል በክረምት፤
ሁለቱም ይጠማሉ በበጋ፣
ከመርከብ ውሃ ይገዛሉ፣ በወይን ዋጋ።

ቀለበት መንገድ ግን ኩርፊያ አያውቅም፤
ጀርባህን የሰጠኸው ሰው ከፊትህ ሲመጣ አታመልጠውም።
በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ ይተላለፋሉ።
መጀመሪያ ፖርቲቼሎ፣ ከነጩ ኮረብታ ሥር፣
በውሃ የሚንሳፈፍ ድንጋይ ይፈለጥበት ከነበር፣
አባታቸው ሳንባውን በአቧራ ከለወጠበት፤
እዚያ ሲደርሱ አንገት ደፍተው ይረግጣሉ በፍጥነት።
ኋላም በምዕራቡ ዳገት፣ ባሕሩ ከሥር ሲያብለጨልጭ፣
ቩልካኖ ከማዶ እንደ እልኸኛ ሰው በአፍንጫዋ ጢስ ስትረጭ።
አራት ዓይን ነው ስሙ፣ ኳትሮኪ ይሉታል፤
ሁለት ዓይን ለዚህ ውበት አይበቃም ብለው ይሆን? ማን ያውቃል።
በዚያ ነው የሚተላለፉት፣ ክንድ ከክንድ ሊነካካ፣
አራት ዓይን፣ አራቱም አስፋልት ላይ ተተክሎ፣ ነጩን መስመር ሲለካ።

ባለፈው ሐሙስ ሽሮኮ ነፈሰ፣
ከአፍሪካ የመጣ አሸዋ መስታወቴን አለበሰ።
ኳትሮኪ ስደርስ ኦኖፍሪዮ ቆሟል፣
አንድ እግሩን መሬት አውርዶ። እሱ? መቼ ቆሞ ያውቃል?
ሰዓቱን ያያል፣ ኩርባውን ያያል፣
ውሃ ይጎነጫል፣ ደግሞ ኩርባውን ያያል።
ፍሬን ያዝኩና በመስኮት «ታች ነው» አልኩት፣
«ጎማው ፈንድቶበት፣ ከበለሱ ዛፍ ሥር አየሁት።»
መልስ አልሰጠኝም።
ቁልቁል ለቀቀው፤ ፍሬን ሲይዝ አላየሁም።

ላይ ደርሼ ስወርድ፣ ብስክሌቱ በኮርቻው ተገልብጦ፣
ታናሽየው ተንበርክኮ፣ ታላቅየው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፤
ኦኖፍሪዮ የራሱን ትርፍ ካላማዳሪ ሰጥቶ፣
ፕላቺዶ ሲነፋ፣ ፊቱ እንደ ቲማቲም ቀልቶ።
ቃል አልሰማሁም፤ ፓምፑ ብቻ ሲተነፍስ፣
እጅ ከእጅ እንዳይገናኝ ሲጠነቀቅ፣ ሲመልስ።

ሦስተኛ ዙሬን ይዤ ከወደቡ ስወጣ፣
ከኩርባው ማዶ ሁለት ጀርባ ብቅ አለ፣ መጣ፤
ሁለት ጀርባ፣ ጎን ለጎን፣ መንገዱን ሞልቶ፣
ኦኖፍሪዮ መሪውን አዙሮ፣ የአሥራ አንድ ዓመት አቅጣጫውን ትቶ።
ዳገቱ ይበረታል፤ አካሄዳቸው የኤሊ ነው፤
ከኋላዬ መኪና ተደረደረ፤ የሚጮኸው ብዙ ነው።
«ንካው ጥሩንባውን!» አለችኝ ክሬሼንሳ፣
«ምሳ ሰዓት ሊደርስ ነው፣ ይሸታል ይሄ ዓሣ!»

እጄ ጥሩንባው ላይ ነበር፤ ግን አልተጫንኩም።
ጉድጓዱ ይከፈት አይከፈት፣ እስካሁን አላወቅሁም።
ብቻ እስከ ፒያኖኮንቴ፣ በአንደኛ ማርሽ፣ ቀስ፣
አሥራ አራት ተሳፋሪ፣ አንድ ቅርጫት ዓሣ፣ አንድ አሮጌ አውቶብስ፣
ከሁለት ወንድማማች ኋላ እንደ ሚዜ ተሰልፈን አዘገምን፤
ክሬሼንሳ ለዓሣው መስኮት ከፈተች። ማናችንም ምንም አላልን።