ሐዲድ የሌለው

በጡረታዋ ማግስት ፒሮሽካ መጣች፤
በርጩማ ረግጣ ቦርሾ ላይ ወጣች።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሴገድን ባቡር
በሐዲድ የነዳች፣ ከመስመር ሳትዞር፣
ዛሬ እግሯ ይፈልጋል ከእርካቡ ሥር ፍሬን፤
አውራ ጣቷ ደወል ሲሻ ያገኛል ጋማውን።

«ለቀቅ አርጊው ልጓሙን! አፍ ነው፣ ብረት አይደለም»
ይላል ቲቦር፣ ጺም ያላበቀለው አሠልጣኝ፤ አትሰማም፤
ፌርማታ ትቆጥራለች፦
አጥሩ አንድ፣ በርሜሉ ሁለት...

ሦስት ሳትል ቦርሾ ቀጥ አለ፣ ሣር አይቶ፤
ልጓሙም ሾለከ ከመዳፏ ወጥቶ።
ሰዓቷን አየች።
አራት ደቂቃ ዘገየች።

መስኮት የሚደበድብ፣ «ረፈደ» የሚል የለም፤
የጥርስ ድምፅ ብቻ፣ እርጥብ ሣር ሲቀነጠስ።
ሁለቱን ጆሮዎቹን ከላይ ቁልቁል እያየች
«ይብላ» አለች፤
«ይብላ እንጂ፤ ሰዓቴ አልደረሰም።»